ውርጭን ለማየት የጓጓችው ሰርዶ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምርና ፊደልም ስለምስት ይቅርታ። ተረት ተረት ስላችሁ የላሞቹን በረት ክፈቱልኝ።

ክረምቱ እንደወጣ፣ በአንድ ግቢ የበቀለች ለጋ ሰርዶ ውርጭ ሊመጣ ነው ሲባል ሰማች።

በግ ልትግጣት መጣችና «አጠር በይ፣ ረጅሙን ሳር ነው የሚያቃጥለው» አለቻት።

«እትዬ በግ፣ ውርጭ ምን ይመስላል?»

«ምኑን አውቄ! እኔ ሱፌን እንደ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምተኛው።»

«እንግዲያው አልጋጥም። ካጠርኩ እንዴት አየዋለሁ?»

ከዚያ ትልን ጠየቀችው። «ጋሽ ትል፣ እርስዎስ አይተውታል?»

«እሱ ሲመጣ እኔ ወደ ታች እወርዳለሁ ልጄ። ቀዳዳ ከፍቼልሻለሁ፤ ሥርሽን በዚያ ስደጂ።»

ሰርዶም ሥሯን ወደ ታች ሰደደች፤ አናቷን ግን ቀና አድርጋ ጠበቀች።

ጎህ ሲቀድ ውርጭ ነጭ ለብሶ መጣ። «ሁሉም ከኔ ይሸሸጋል። አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንተን።»

ጠዋት ሰርዶ ቢጫ ገለባ ሆና ተገኘች። «ብያት ነበር! ሞተች» አለች በግ።

ተረቴ እዚህ ደረሰ፤ ዳቦ ያለው አፌን ያብስልኝ።

የኛ ግቢ ሳርም ቢጫ ሆኗል፤ ሁሉም ሞቷል ይላሉ። እኔ ግን ጆሮዬን መሬት ላይ አድርጌ «ውርጭ ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅኩ። ከታች፣ ከትል ቀዳዳ ውስጥ፣ የሳሩ ሥር «ያምራል» ሲል ሰማሁት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።