ያለ ቀኑ የተከፈተ ጉድጓድ

ሙዝ በሚበቅልበት ቆላ ሰው ሲቸኩል የሚተርቷት አንዲት አጭር አባባል አለች። ዛሬ ለነጋዴውም ለተማሪውም ትነገራለች፤ መነሻዋ ግን የአንድ ገበሬ ሆድ ነው።

ገበሬው ማዳልቾ ይባላል። ከዓባያ ሐይቅ ዳር ሙዝ ተክሎ የሚኖር፣ ሥራ የማይፈራ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ወባ ጣለችውና ከሞት አፋፍ አደረሰችው። ያን ጊዜ፣ "ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆይ፣ ካስነሳኸኝ ለንግሥህ ጥላ ገዝቼ፣ በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ደጋ ካለው ደብርህ ድረስ አመጣልሃለሁ" ብሎ ተሳለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትኩሳቱ ለቀቀው። ጥላውም ተገዛ። ጉልበቱ ግን አልተመለሰም፤ ከአልጋ ወርዶ ደጃፍ ለመድረስ እንኳ ግድግዳ ይደገፍ ነበር። ንግሡ ደግሞ እየቀረበ ነው።

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትጠይቀው መጣች።

"ዋናውን ምግብ ሳይተዉ፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የበሰለ ሙዝ ይብሉ" አለችው። "ለሆድ አይከብድም፤ ለደከመ ሰው አቅም ይሰጣል።"

"ለንግሡ ያደርሰኛል?"

"ቀስ ካሉ ያደርስዎታል።"

ሚስቱ ዳሪሜ ወዲያው ከጓሮ አንድ ትልቅ ዘለላ አስቆርጣ፣ እንደ አገሩ ልማድ ጉድጓድ ውስጥ በደረቅ ቅጠል ሸፈነችው። ትንሽ ጭስ አስገብታም አፉን በጭቃ ደፈነች።

"እኔ እስክከፍተው እንዳትነካው" አለችው። "ሙቀቱ ከወጣ አይበስልም።"

እስከዚያ ድረስ ከጎረቤታቸው ከጋሽ ቶራ የበሰለ እየለመነች አበላችው። እውነትም ፊቱ መለስ አለ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ያለ ድጋፍ ደጃፍ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ። ያሳሳተውም ይኸው ነው። እዚያው ተቀምጦ ሲያስብ፣ "አንዷ ደጃፍ ካደረሰችኝ፣ አሥሯ ደጋ ታደርሰኛለች" አለ በልቡ።

ዳሪሜ ገበያ ስትሄድ ጉድጓዱን ከፈተ። ሙዙ ገና አረንጓዴ ነው፤ ልጣጩ በእጅ እንቢ አለው። ማዳልቾ አማተበና ቢላዋ አነሳ። ደረቁ ሙዝ ጉሮሮውን እየቧጠጠው፣ እጁም በሙጫው እየተጣበቀ፣ እስኪጠግብ በላ።

ዳሪሜ ስትመለስ ጭቃው ፈርሶ አገኘችው።

"ማነው የከፈተው?"

"እኔ እንጃ፣ ከርከሮ ነው መሰለኝ።"

ከመሬት ልጣጭ አነሳችና አገላብጣ አየችው። "የዘንድሮ ከርከሮ በቢላዋ ይልጣል ማለት ነው!"

ሙቀቱ የወጣበት ሙዝ ከዚያ ወዲያ አልበሰለም፤ እንደ ደረቀ ጠቆረ። የማዳልቾም ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ደረቀ። ውኃ ቢጠጣ፣ ተልባ ቢበጠበጥለት፣ ቶሎ የሚለቅ አልሆነም።

በንግሡ ዕለት ግን እንቢ ብሎ ጥላውን በትከሻው አድርጎ ወጣ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ላብ አጠመቀው፤ ሆዱን ይዞ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ቶራ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ደረሱበት።

"ምነው ማዳልቾ፣ ጉልበትህ ከዳህ?"

"ጉልበቴስ ተመልሶ ነበር፣ ጋሽ ቶራ። ሆዴ ነው።"

"ከርከሮ ሆኖ ጥሬ ሙዝ በልቶ ነው" አለች ዳሪሜ፣ ከኋላው ቆማ። ከዚያ ነገሩን ከጥንስሱ አወራችላቸው።

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ማዳልቾ አንገቱን ደፍቶ የጥላውን ዘርፍ ይነካካል።

"እርስዎ ይውሰዱልኝ?" አላቸው በመጨረሻ።

"በገዛ ትከሻዬ ብለህ አይደል የተሳልከው? ቤትህ ግባ። ለከርሞ ታመጣዋለህ፤ ጊዮርጊስ እንደ አንተ አይቸኩልም።"

ማዳልቾ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ጥላውን አቅፎ ቁልቁል ተመለሰ። ከታች እልል እያሉ የሚወጡት ምእመናን ጥላ ይዞ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ቢያዩ ግራ ገባቸውና፣ "ይሄ ሰው ምን አግኝቶት ነው?" ብለው ጋሽ ቶራን ጠየቁ። ሽማግሌውም በዱላቸው ወደ ቆላው እየጠቆሙ፣ "ያልቆዩለት ሙዝ፣ ለሆድ መዘዝ" አሏቸው።