የደምለው በሬና የዘርፌ ጣሳ

ተረቴ ከአንድ ጣሳ ውሃ ይጀምራል፤ ጠጋ በሉ። ይመኙ የምትባል፣ የሠርግ ቤት ግድግዳ በቀለም አፈር የምታስጌጥ ሴት ነበረች። ትንሿ ልጇ ዘርፌ ሆዷን ታማ መደብ ላይ ተኝታለች። ይመኙ የፈለገችው አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው።

"ቦኖ ቦኖ፣ ጥራ፤ ልጄ ትጠጣ" አለች። ቦኖው ድፍርሱን እየተፋ፣ "ምንጩ ሳይጠራ ከየት አባቴ ላምጣ?" አላት።

"ምንጭ ምንጭ፣ ጥራ፤ ቦኖ ይጥራ፣ ልጄ ትጠጣ።" ምንጩ፣ "በሬ እላዬ ላይ ቆሞ እየሸና?" አላት።

"በሬ በሬ፣ ውጣ፤ ምንጭ ይጥራ፣ ቦኖ ይጥራ፣ ልጄ ትጠጣ።" ቦራ የሚባለው በሬ ጭራውን ወዝወዝ አድርጎ፣ "አጥር ሳይከለክለኝ ምን በወጣኝ!" አላት።

"አጥር አጥር፣ ቁም፤ በሬ ይውጣ፣ ምንጭ ይጥራ፣ ቦኖ ይጥራ፣ ልጄ ትጠጣ።" አጥሩ ገና ጫካ ውስጥ ቁጥቋጦ ነበር። "ሰው ቆርጦ ካላቆመኝ በእግሬ ልመጣ ነው?" አላት።

ሰዎቹ ወፍጮ ቤት ደጅ ወረፋ ይጠብቃሉ። "ሰዎች ሰዎች፣ ተነሡ፤ አጥር ይቁም፣ በሬ ይውጣ፣ ምንጭ ይጥራ፣ ቦኖ ይጥራ፣ ልጄ ትጠጣ።"

የበሬው ጌታ አያ ደምለው፣ "ኧረ ተይ፣ ይመኙ! አባቶቻችን ይህንኑ ጠጥተው አይደል ያረጁት? እኛ ካላየን አናምንም" አላት።

ይመኙን ከፋት። ያላረጁትንስ ማን አስታወሳቸው?

"ግድግዳ ግድግዳ፣ አሳይ፤ ሰው ይነሣ፣ አጥር ይቁም፣ በሬ ይውጣ፣ ምንጭ ይጥራ፣ ቦኖ ይጥራ፣ ልጄ ትጠጣ።" የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፣ "ባዶዬን ቆሜ ምን ላሳይ? እጅሽ የት ሄዶ ነው?" አላት።

እውነትም እጇ የት ሄዶ! ቀዩን፣ ጥቁሩን፣ ቢጫውን አፈር በጥብጣ ሳለች።

በማግስቱ ደምለው ግድግዳውን አይቶ፣ "ይሄ የኔ ቦራ አይደለም እንዴ! ማነው በሬዬን ሲሸና የሳለብኝ?" ብሎ ጮኸ። ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ደምለው ከሽንቱ የምትነሣውን ቢጫ መስመር በጣቱ ተከተለ፤ ከበሬው ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ ቦኖው፣ ከቦኖው ወደ ጣሳ፣ ከጣሳው መደብ ላይ ወደተኛች ልጅ። ሳቁ ጠፋ።

"ይቺስ ዘርፌ ናት። አጠገቧ ያለው ባዶ መደብስ?"

"ቀጥሎ ማን እንደሚተኛበት አላውቅም፣ አያ ደምለው" አለች ከጎኑ የቆመችው ይመኙ።

የልጅ ልጆቹ ትዝ አሉት። ምሳሩን ሊያመጣ ሄደ።

ሰው ተነሣ፣ አጥር ቆመ፣ በሬ ወጣ፤ ለእሱም ከታች ገንዳ ተሠራለት። ምንጭ ጠራ፣ ቦኖ ጠራ። በሽታ ያከሳት ዘርፌ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችና፣ "እማዬ፣ ሌላ አለ?" አለች።

"አለ፣ ልጄ" አለች ይመኙ እያለቀሰች።

ባዶውን መደብ ግን ከግድግዳው ላይ አላጠፋችውም። ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ዛሬም ያየዋል።

ተረቴን ውሰዱ፣ ጣሳዬን መልሱ።