ግልባጭ ለጉልበቴ

ምላሷ ከቢላዋዋ የሰላ አንዲት የፋብሪካ ምግብ አብሳይ ነበረች። ውፍረቷ ጉልበቷን ስለጎዳባት ሐኪም ክብደት የሚቀንስ መድኃኒት አዘዘላት፤ የጤና መድን ቢሮው ግን ወጪውን አልሸፍንም አለ። እያነከሰች ሦስት ፎቅ ወጥታ ኃላፊው ዘንድ ቀረበች።

ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ቦርጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ «ውፍረት የምቾት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም» አሏት።

«እሺ ጌታዬ፣ ይህንኑ በደብዳቤ ይስጡኝ። ከታች ‹ግልባጭ፦ ለጉልበቴ› ይበሉበት፤ እሱ ገና አልሰማም።»

አቶ ልዑልሰገድ እልህ ያዛቸው። ደብዳቤውን እዚያው ጽፈው ማኅተሙን ከመደርደሪያው ሊያነሱ ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ቋ አለና፣ «ወይኔ» ብለው ወንበሩን ተደገፉ።

ሴትዮዋ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

«ለካ የእርስዎም አልሰማም» አለቻቸው፤ «ግልባጩን ሁለት ያድርጉት።»