የማጭዴ ሚስት ወዴት ገባች?

አንድ ጊዜ፣ ቆላ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር በበቀለ አሮጌ ዋርካ ላይ የሚኖር ምንቃሩ የታጠፈ ወፍ ሚስት አገባ። ምንቃሩ ማጭድ ስለሚመስል እንስሳቱ ማጭዴ ይሉታል፤ ሚስቱን ደግሞ ማጭዲት። ሠርጉ የሞቀ ነበር። የመጣው ሁሉ ዘፈነ፣ የዋርካ ፍሬ በላ፣ መርቆ ሄደ። ከሠርጉ በኋላ ግን ሙሽራዋ ጠፋች።

ጠፋች ስላችሁ የት እንዳለች ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። ጎርፍ ያዘመመው የዋርካ ግንድ ላይ አንድ ጎድጓዳ አለ፤ እዚያ ውስጥ ገብታለች። የሚገርመው የጎድጓዳው አፍ በጭቃ ተመርጎ መዘጋቱ ነው። የቀረችው ምንቃር የምታሾልክ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ናት። ማጭዴ ከጠዋት እስከ ማታ ፍሬና አንበጣ እየለቀመ በዚያች ቀዳዳ ያቀብላል። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፣ ምስኪን።

ይህንን ከሁሉ ቀድማ ያየችው እመት ቀበሮ ናት። መቼም የጎረቤት ጓዳ ማየት ትወዳለች። ግንዱ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስታዳምጥ ከውስጥ የጫጩት ድምፅ ሰማች። ምራቋን ዋጠች። ጭቃውን በጥፍሯ ሞከረችው፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እንዲህ ያለውን የሚሰብር የጅብ መንጋጋ ብቻ ነው። ጅብ ደግሞ እንዲሁ ዘሎ አይነካውም፤ አንበሳ «ያለ እኔ ፈቃድ የሌላውን ጎጆ ያፈረሰ ቆዳው ይገፈፋል» ብሎ አውጇልና። ቀበሮ ትንሽ አሰበችና ወደ አንበሳ ገሰገሰች።

«ጌታዬ፣ ጉድ ፈልቷል» አለች፣ ዓይኗን በጅራቷ እየጠራረገች። «ማጭዴ ሚስቱን ከነሕይወቷ ግንድ ውስጥ ቀበራት።»

«ቀበራት?» አለ አንበሳ፣ ከተኛበት ቀና ብሎ።

«በጭቃ መርጎ ነዋ። ፀሐይ አታይ፣ ዘመድ አትጠይቅ። እኔም ሴት ነኝ፤ አንጀቴ አልችል ቢለኝ ነው የመጣሁት።»

አንበሳ ጅብን አስከትሎ ተነሳ። መንገድ ላይ አህያ ተቀላቀላቸው። ማንም አልጠራውም፤ ግን አህያ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፣ ጥያቄውም አያልቅም። «ወዴት ነው? ማን ምን ሆነ? ለምን?» እያለ ከኋላ ከኋላ ተከተለ።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ማጭዴ አፉን በፍሬ ሞልቶ እየበረረ መጣ።

«ሚስትህን ለምን ዘጋህባት?» አለ አንበሳ።

ማጭዴ አልመለሰለትም። በአንበሳ ራስ ላይ በርሮ አለፈና ፍሬውን በቀዳዳዋ አጎረሰ። ጅብ ይህንን ድፍረት አይቶ የሚመጣውን በመፍራት ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አፌ ሙሉ ሆኖ ነው» አለ ማጭዴ ሲመለስ። «እኔ አልዘጋሁባትም። የወገናችን ልማድ ነው። ሚስት ትገባለች፣ ባል ያበላል። ልጆቹ እስኪጠነክሩ እንዲህ እንኖራለን።»

«እንዲህ ያለ ጋብቻ ሰምቼ አላውቅም» አለ አንበሳ።

አህያ ጆሮውን አቆመ። «የእርስዎስ እንዴት ነው?»

አንበሳ መጠየቁ ደስ አለው። «የእኔማ ደንበኛ ጋብቻ ነው። ሚስቶቼ ብዙ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው እህትማማቾች ናቸው። እነሱ አድነው ይጥላሉ፣ ቀድሜ እኔ እበላለሁ፣ ከዚያ እነሱ ይቀርባሉ።»

«እርስዎ ምን ይሠራሉ ታዲያ?»

«አገሳለሁ።»

አህያ ወደ ጅብ ዞረ። «አያ ጅቦስ?»

«እኛ ዘንድ ተሞሽሮ ቤቱን ለቆ የሚሄደው ወንዱ ነው» አለ ጅብ። «የምኖረው ከሚስቴ ዘመዶች ጋር ነው። ሥጋ ሲገኝ አማቴ ትበላለች፣ ከዚያ ሚስቴ፣ ከዚያ እህቶቿ፣ ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ እኔ።»

«ምን ይተርፍሃል?»

«ሽታው።» ሆዱ አብሮት ጮኸ። «ቢሆንም ደንበኛ ጋብቻ ማለት ይኸው ነው። ሌላ እንዴት ሊሆን ይችላል?»

አያችሁልኝ? ሁለቱም «ደንበኛ» አሉ። የአንዱን ደንብ ሌላው ቤት ብትወስዱት ግን የሚያውቀው የለም።

«እኔ እንኳ በሰው አገር የሠርግ ጭነት ስሸከም ነው ያደግሁት» አለ አህያ። «አንዱ መንደር ባልየው የአማቱን እርሻ ሲያርስ ይከርማል። ሌላው ጋ ሙሽራዋ ቅቤ እየተቀባች፣ ጥሩ ጥሩ እየበላች ለወራት ከቤት አትወጣም። እኔማ አዝኜላት ነበር፤ በኋላ ስትወጣ ባያት ከእኔ ይልቅ እሷ ደልቷታል። አንድ ሌላ አገር ደግሞ…»

«አንተ ወግህን ትሰልቃለህ፣ እዚያ ውስጥ ነፍስ ተጨንቃለች» ብላ አቋረጠችው ቀበሮ።

አንበሳ የራሱን ሚስቶች አሰበ። ቀኑን ሙሉ ሜዳውን ሲያካልሉ ነው የሚውሉት። «ሚስት ከተዘጋባት ማን ለአደን ይወጣል?» አለ። «ይህ እስር እንጂ ጋብቻ አይደለም። ጅቦ፣ ስበረው።»

ጅብ በኋላ እግሩ ቆሞ ጭቃውን ነከሰ። ቁራጩ ተፈንቅሎ ወደቀ። ማጭዴ «ተው፣ ልጆቼን ታስፈጃለህ» እያለ የጅብን ራስ በምንቃሩ ይጠቀጥቃል፤ ጅብ ግን ሥራ ከያዘ አይሰማም። ሌላም ቁራጭ ወደቀ። አሁን ቀዳዳዋ ጫጩት የምታሳልፍ ሆነች። የልጆቹ ጩኸት ጎልቶ ይሰማ ጀመር።

አህያ የወደቀውን ጭቃ እያሸተተ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለ።

«አሁን አይሆንም» አለች ቀበሮ።

አህያ መች ሰምቷት። «ይህ ጭቃ በውጭ በኩል ሸካራ ነው፤ በውስጥ በኩል ግን ምንቃር እየዳበሰ አለስልሶታል። ውጭ የቆመ ባል የውስጡን ግድግዳ እንዴት አድርጎ ለሰነው? ደግሞስ እሷን የጠየቃት አለ?»

አንበሳ መዳፉን አነሳ፤ ጅብም መንከሱን ተወ። እሷን የጠየቃት አልነበረም። አንበሳ ወደ ቀዳዳው ተጠጋና «ማጭዲት፣ ማነው የዘጋብሽ?» አለ።

«እኔው ነኝ» አለች ማጭዲት ከውስጥ። እጅግ ተናዳለች። «ጭቃውን ያቀበለኝ እሱ፣ የመረግሁት እኔ። እናቴም እንዲሁ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ላባዬ ረግፏል፤ አዲሱ እስኪበቅል መብረር አልችልም። ልጆቼ ገና ራቁታቸውን ናቸው። ይህ ግድግዳ ካለ እንኖራለን፣ ከፈረሰ ግን የሚበላን አይጠፋም። ለመሆኑ ጌታዬ፣ ያዘነልኝ ማን ነው?»

«እመት ቀበሮ ናት።»

«የት ሆና ነው የምታዝንልኝ?»

ሁሉም ዞር ብለው አዩ። እመት ቀበሮ ከተሰበረው ቀዳዳ ልክ ሥር ተቀምጣ፣ አንገቷን አቅንታ፣ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ምራቋ ደረቷን አርሶታል። እንዳዩዋት ስታውቅ አፏን ገጠመች። «ጭንቀት ነው» አለች። ከዚያ የአንበሳን ፊት አየችና ቁጥቋጦውን ጥሳ ጠፋች።

«ውስጡ ጫጩት ነበር እንዴ?» አለ ጅብ አሁን ገና ነቅቶ። «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ።»

አንበሳ ቆጣ ብሎ ወንዝ ወርዶ ጭቃ እንዲያመጣ ላከው። አህያም ተከትሎት ወረደ፤ ጭቃው ለምን ከወንዙ ወዲህ ማዶ እንጂ ከወዲያ እንደማይሆን እየጠየቀ። ማጭዴ ያመጡትን ተቀብሎ በቀዳዳው ያቀብላል፣ ማጭዲት ከውስጥ ትመርጋለች። አንበሳም ግድግዳው እስኪዘጋ ድረስ ዘብ ቆመ።

«አጥፍቻለሁ» አለ ሥራው ሊያልቅ ሲል። «ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ እንዲህ ተዘግቶ መኖር አይከብድም?»

«ይከብዳል እንጂ» አለች ማጭዲት። «እሱም እኛን ሲያበላ ሰውነቱ አልቋል። እኔም ለእርስዎ እውነቱን ልንገርዎት። እዚህ ዋርካ ላይ ሆኜ ቤትዎን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሚስቶችዎ ፀሐይ ላይ ሮጠው፣ ደምተው የጣሉትን እርስዎ ከእንቅልፍዎ ተነስተው ቀድመው ሲበሉ ሳይ፣ እንባዬ ይመጣ ነበር። ነገር ግን እነሱን ሳልጠይቅ፣ ቤታቸውን ላፍርስ ብዬ አልመጣሁም።»

አንበሳ የመጨረሻዋን ጭቃ ራሱ በመዳፉ አቀበላትና ቀስ ብሎ ወደ ሚስቶቹ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን ጋብቻ በራሳችን ቤት ለክተን ከመፍረዳችን በፊት እዚያ ቤት ውስጥ የምትኖረውን ጠጋ ብለን መጠየቅ፣ ፍረዱ ብሎ የሚጎተጉተንም የት ቆሞ እንደሚጠብቅ ዞር ብለን ማየት እንደሚገባን ነው።