ሰባት ጎጆ

ሰባት ጎጆ ይባላል እንጂ አንድም ጎጆ የለበትም። ከወንዙ ወደ ገበያው መንገድ በሚወጣው ተዳፋት ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የተደረደሩ ሰባት የድንጋይ ክቦች አሉ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳየን እያለ ያስወጣኛል፤ ጉልበቴም አለቀ፣ ወሬውም አለቀብኝ። ቢሆንም ከአባቶቻችን እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

በዱሮ ጊዜ ባይለየኝ የሚባል ብርቱ ሰው አንጓች የምትባለውን ልጅ ሽማግሌ ልኮ ጠየቀ ይባላል። አንጓች ከእናቷ ጋር በአጎቷ ቤት ተጠግታ ነበር የምትኖረው፤ አባቷ እናቷን «ምሰሶውን ያቆምኩት እኔ፣ ሣሩን የከደንኩት እኔ፤ ከቤቴ ውጪልኝ» ብሎ በክረምት ከነልጇ አባሯት ነበርና። ስለዚህ አንጓች «መጀመሪያ ቤቱን ሠርቶ ያሳየኝ» አለች። አገሩ ጉድ አለ። ከዚያ በፊት የሙሽራውን ቤት የሚያይ የልጅቱ ዘመድ እንጂ ልጅቱ አልነበረችም።

ባይለየኝ ሠራ። አንጓች ገባች፣ ማገሩን ሳብ ሳብ አድርጋ አየችው፣ ወጣች። ሽማግሌዎቹም «አልሆነም ብላለች» አሉት፤ ከዚህ በላይ አልነገሩትም። ሳይጋቡ ፊት ለፊት መነጋገር በዚያ ዘመን ነውር ነበርና እሱም ሄዶ አልጠየቃት። ተናዶ ወንዝ ወረደ። በወንዙ ዳር ካለው ግራር ላይ ቢጫ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። እንደሚነገረው፣ ባይለየኝ ቁጭ ብሎ ሲያይ ወንዱ ሣር ጎንጉኖ፣ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ፣ ክንፉን እያራገበ ሴቲቱን ይጣራል፤ እሷ ገብታ ሣሩን በምንቃሯ ትጎትትና ትታው ትበራለች፤ እሱም ያንኑ ጎጆ በጣጥሶ ጥሎ እንደገና ይጀምራል። «እንግዲያው እንዲህ ነዋ!» አለ ባይለየኝ። ወጣና ቤቱን አፈረሰ።

ምን ልበላችሁ፣ በየበጋው አንድ ቤት፣ ከፈረሰው መሠረት ከፍ ብሎ! ሁለተኛው ከፍ ያለ፣ ሦስተኛው ሰፊ፣ አራተኛውማ በቀይ አፈር ተቀብቶ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያየው። መልሱ ግን ያው «አልሆነም»። ጓደኞቹ ሁለት ሦስት ልጅ ሲወልዱ እሱ ጭቃ ይረግጣል። እሷንም «ቆማ ቀረች» ይሏት ጀመር። እናቷ ሳትቀር «ልጄ፣ የኔ ዕጣ እንዳይደርስሽ ብለሽ ያለ ባል ልትቀሪ ነው ወይ?» ብላ አለቀሰች አሉ።

ሰባተኛውን አፍርሶ ሲጨርስ ባይለየኝ ደከመው። ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ተነሥ ቢሉት አልነሣም አለ። ይህን የሰማች አንጓች ነውሩን ትታ እራሷ መጣች።

«ምን ጎደለው?» አላት ቀና ሳይል። «ሰባት ጊዜ ነው እኮ! ወፉም ከዚህ በላይ አይሠራም። በቃኝ።»

«ቤቶችህማ ደህና ነበሩ። ግን ሁሉም ያንተ ብቻ ናቸው። ነገ ከቤቴ ውጪ ብትለኝ ምን ብዬ እመልስልሃለሁ? የወፉን ካነሣህ ደግሞ አንተ ወንዱን ብቻ ነው ያየኸው። ሴቲቱ ከወደደችው በኋላ ለስላሳ ሣርና ላባ እየተሸከመች ውስጡን የምትሠራው እሷ አይደለችም?»

«ታዲያ ይህን በመጀመሪያው ዓመት አትልኪብኝም ነበር?»

«ልኬብህ ነበር እንጂ! ጭቃውን አብሬው ልምረግ ብል፣ ሽማግሌዎቹ ነውር ነው ብለው ዋጡት።»

ባይለየኝ ይህን ሲሰማ መሳቅም ማልቀስም አቃተው ይባላል። ሰባት ዓመት! እኔ እንኳ ባወራሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ስምንተኛው ቤት ከተዳፋቱ ሥር፣ በሁለቱም እጅ ተሠራ። አንጓች ውስጡን መርጋ ስትጨርስ ከበሩ በስተቀኝ፣ በእርጥቡ ጭቃ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ከዚያ ወዲህ በኛ አገር የሙሽራዋ መዳፍ ሳያርፍበት ቤት አይመረቅም። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ሲጠራም፣ የማንንም ቃል ከመስማቱ በፊት ገብቶ ግድግዳውን ያያል።

እኔም አንድ ክረምት ንዴት ይዞኝ ሚስቴን «ከቤቴ ውጪልኝ!» ብያት አውቃለሁ። ሽማግሌው መጣ፣ ገባ፣ ግድግዳውን አየ፤ ወጣና ጋቢዬን አቀበለኝ፤ ያን ሌሊት ደጅ ያደርኩት እኔ ነኝ።