የዕለቱ ቃል

አቶ ደባልቄ የሚባሉ የቀበሌ ኃላፊ ነበሩ። እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ብለው ጠዋት ጠዋት ከመዝገበ ቃላት አንድ ቃል ይመርጡና ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ ይፈትኑበታል። አንዲት ልብስ አጣቢ ክረምቱ ሳይገባ የሚያፈስ ጣሪያዋን ለማደስ ፈቃድ ፈልጋ ስድስት ቀን ተመላልሳለች። ስድስቱንም ቀን ፈተናውን ወድቃ "ነገ ጠዋት ብቅ በይ" ተብላለች።

በሰባተኛው ቀን ቃሉ "ሰስፔንስ" ሆነ።

"ቀጥሎ የሚመጣውን ባለማወቅ ልብ ተንጠልጥሎ ሲጨነቅ ማለት ነው" አሏት አቶ ደባልቄ ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው። "ይኸው ትርጉሙን ነገርኩሽ። አንድ ጥሩ ምሳሌ ከሰጠሽኝ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ። ካቃተሽ ግን የለመድሽው ነው።"

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች።

"ጌታዬ፣ ቅድም በር ላይ ተራ ስጠብቅ ከክፍለ ከተማ የመጡ ሁለት ሰዎች ስለ እርስዎ ሲነጋገሩ ሰማሁ" አለችና ዝም አለች።

የአቶ ደባልቄ እስክሪብቶ ከእጃቸው ወደቀ። ብድግ ብለው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምን አሉ?" ሲሉ ጠየቋት።

ሴትዮዋ ቅጹን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ፣ ነጠላዋን እያጣፋች ተነሳች።

"ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ።"