አንገት እወዳለሁ ያለችው እናት

ኑ፣ ተጠጉ። ልጆች ከፊት፣ ትልልቆቹ ከኋላ። አንተም ሳቅህን ለኋላ አቆየው፤ ገና ምንም አልተናገርሁም።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ስሟን ማንም በማያስታውሳት አገር ሽታ አይስቴ የሚባል ሰው ነበር። እናት አባቱ ሳይራመድ ሞተውበት በየሰው ደጅ ነው ያደገው፤ ብልሃትንም ያስተማረው ሆዱ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አፍንጫው ይመራል፣ እግሩ ይከተላል። ዶሮ ወጥ ከሸተተው ቤት ዘው ይልና፣ «እንደምን ዋላችሁ! የአጎታችሁ ልጅ ነኝ» ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታው አይጣል ነው። ወጥ ቀርቦ «የትኛው አጎት?» ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይወጣል።

አንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ «የአጎት ልጅ» ሆኖ ከተቀመጠበት ቤት ወሬ ሰማ።

«ይቺ ስንዱ አታሳዝንም? ባሏ ሞተ። ልጇ አዳሙ በትንሽነቱ ከነጋዴ ጋር እንደ ወጣ ቀረ። ዛሬም ዶሮ ስትሠራ የሱን ብልት ለብቻው ታስቀምጣለች።»

ሽታ አይስቴ ጣቱን ላሰ። «እዚያ ቤት የአጎት ልጅነት ምን ያደርግልኛል? ልጅ እሆናለሁ!» አለ በሆዱ።

በማግስቱ አፍንጫው መራ፣ እግሩ ተከተለ። ስንዱ አውራ ዶሮ ታቅፋ ከሴት ልጇ ከየሻረግ ጋር ደጅ ቆማለች። ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነውና፣ ወንድ የሌላት ሴት አላፊ አግዳሚ ትጠብቃለች።

«ወንድሜ፣ እባክህ ባርከህ እረድልኝ» አለችው።

«እማዬ! የገዛ ልጅሽን ወንድሜ ትይዋለሽ?»

ዶሮው ከእጇ አመለጠ። «አዳሙዬ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ኧረ ቀስ በይ!» አለች የሻረግ ዶሮውን እያሳደደች። «መጀመሪያ ጠይቂው እንጂ!»

«ልጄን ልጠይቀው?» አለች ስንዱ። አትፍረዱባት። ስትጠብቅ የኖረች ሰው የመጣላትን አትመረምርም።

ዶሮው ተይዞ ታረደ። ስንዱ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥታ፣ ውሃው እስኪጠራ በሎሚና በጨው አጠበች። ሽንኩርቱን በደረቁ ስታቁላላ ማንጎራጎር ጀመረች፤ የሻረግ የእናቷን ዜማ ከሰማች ዘመን ስለሆናት ጥርጣሬዋን ዋጥ አደረገች።

መሶቡ ቀረበ። ሽታ አይስቴ ወጉን አሳምሮ ያውቃል። እጁን ታጠበ፣ ከእናት በፊት እጁን አልሰደደም። ስንዱ ፈረሰኛውን ስታወጣለት፣ «ኧረ ይሄ የአባወራ ነው፤ የአባቴን ድርሻ አልነካም!» ብሎ መለሰ። ስንዱ በደስታ አለቀሰች። አንዱን ታፋ ለእሱ፣ አንዱን ለየሻረግ አወጣች። ለራሷ አንገቱን ወሰደች።

«እኔ እንኳ አንገት ነው የምወደው» አለች።

«እንግዲያማ የምትወጂውን ብዪ፣ እማዬ» አለና ታፋውን ገመጠ።

የስንዱ እጅ መሶቡ ላይ ቀረ። የሻረግም ቀና ብላ አየቻት።

«አንተ ልጅ» አለች ስንዱ ቀስ ብላ፤ «አዳሙ አንገት እወዳለሁ ስል አንድ ቀን አምኖኝ አያውቅም። በዚያች ኮልታፋ አፉ ‹ውሸትሽን ነው!› እያለ ሥጋውን አፌ ውስጥ ይጠቀጥቅልኝ ነበር። አንተ ግን አመንከኝ።»

ሽታ አይስቴ የገመጠውን ታፋ መሶቡ ላይ መለሰ።

«እሜቴ፣ ለእኔ ብሎ እንዲህ የዋሸ ሰው የለም» አለ። «ውሸት መሆኑን በምን ልወቀው?»

«ውጣ!» አለች የሻረግ ማማሰያውን አንስታ። ሽታ አይስቴ አንገቱን ደፍቶ ተነሣ።

ስንዱ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ልጇ ዛሬ እንደገና ጠፍቶባታል፤ ይህ ቀላል ሐዘን አይደለም። ግን እናት ናትና የቆመውን ሰው አየችው። «ተቀመጥ» አለችው። «ዶሮዬን ያረደ ሰው ሳይበላ አይወጣም።»

ተቀመጠ። የታፋውን ሥጋ ፈልፍሎ በእንጀራ ጠቀለለና ወደ አፏ ዘረጋ።

«ውሸትሽን ነው» አለ። «አንገት አትወጂም።»

ስንዱ እያለቀሰች ጎረሰች። የሻረግም ማማሰያውን አስቀመጠች።

የአዳሙ ብልት እንደ ወትሮው ለብቻው ተቀመጠ፤ በሰው ቦታ ሰው አይተካም። ለሽታ አይስቴ ግን የራሱ ድርሻ ተመደበለት። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቢሸትም ባይሸትም፣ እንጨት ተሸክሞ ወደ ስንዱ ቤት ይመላለስ ጀመር። ስንዱ ደጅ ቆማ አራጅ መለመኗም ቀረ።

እኔ ተረቴን አጎረስኋችሁ፤ ለእኔስ የሚያጎርስ የለም? የዚያ አገር ሰዎች እስከ ዛሬ እንዲህ ይላሉ፦ «እናት አንገት እወዳለሁ ስትል፣ እንግዳ ያምናል፣ ልጅ ያጎርሳል።»